ከውስጥ የተለጠፈ ጎማ

ጥቅምት 21

ዛሬ ጠዋት እማዬን ከባሕር ዳር ሃሙሲት ለማርያም ማኅበር ላደርሳት ስወጣ የመኪናዬ የኋላ ግራ ጎማ ዝቅ ብሎ ጠበቀኝ። ጨርሶ አልተነፈሰም፤ ከሌሎቹ ጋር ሲያስተያዩት ግን መሬት ላይ ተዘርግቷል። ጎንበስ ብዬ ብፈልግ የቆርቆሮ ሚስማር ነው፤ እስከ ቆቡ ጠልቆ ያብረቀርቃል። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች፤ ድፎ ዳቦው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ሚስማሩን አልነቀልኩትም። እዚያው እስካለ ድረስ ቀዳዳውን ራሱ ስለሚደፍነው ንፋሱ የሚወጣው ቀስ እያለ ነው፤ ከነቀሉት ግን ያልቃል። ከጎረቤት ፓምፕ ተውሼ ንፋስ ሞላሁበትና ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው ጎሚስታ በዝግታ ነዳሁ።

ጎሚስታው አዛውንት ናቸው። የቆርቆሮ ቤት፣ ኮምፕሬሰር፣ በግማሹ የተቆረጠ በርሜል ሙሉ ውኃ፤ ያላቸው ይኸው ነው።

«ጋሼ፣ ማኅበሩ ረፍዶብናል፤ እንዲያው ከውጭ ወትፈው ቢሸኙን» አልኳቸው።

ጎማውን አዩ፤ ቀጥለው እማዬን አዩ። «እኒህን እናት ይዘሽ ነው የምትሄጂው?»

«አዎ፣ ሃሙሲት ድረስ።»

«እንግዲያማ ይፈታል፣ ልጄ። ውስጡን ሳላይ አልሰድሽም።»

እማዬም «ይፍቱት ወንድሜ፣ ማኅበርተኛው የትም አይሄድ» ብላ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ዱካ ላይ ተቀመጠች።

ክሪኩን ከመስቀላቸው በፊት ከፊት ጎማ ሥር ድንጋይ አደረጉ፤ ቡሎኖቹንም ጎማው መሬት ላይ እያለ አላሏቸው። ሚስማሩን ሲነቅሉት ወዴት አዘንብሎ እንደገባ እያዩ ነበር። ቀጥ ብሎ በጥርሱ መሐል ከገባ ይጠገናል፤ ወደ ጎን አዘንብሎ የጎማውን ትከሻ ካገኘው ግን አይሆንም። ጎን ሁልጊዜ ይተጣጠፋል፣ ልጣፊ አይዝም። ከ6 ሚሊ ሜትር የሰፋ ቀዳዳም እንዲሁ የተሳፋሪ መኪና ጎማ ላይ አይለጠፍም። የእኔው መሐል ላይ ነው፤ ቀጥ ብሎ ነው የገባው።

ጎማውን ከቸርኬው ካላቀቁት በኋላ ያደረጉት ነገር ነው ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ። እጃቸውን አስገብተው ውስጡን ዙሪያውን ዳሰሱና መዳፋቸውን በብርሃን አዩት። ይፈልጉ የነበረው ቀዳዳውን መስሎኝ ነበር፤ እሱማ ቀድሞ በጠመኔ ተከቧል። የሚፈልጉት የጎማ ዱቄት ነው። ንፋሱ ጎድሎ ብዙ የተነዳ ጎማ ጎኑ እየታጠፈ እየተፋተገ ውስጡ ይፈጫል፤ ጥቁር ዱቄት ያራግፋል። እንዲህ የሆነ ጎማ ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፣ ንፋስም ይይዛል፤ ፈጥኖ ሲነዳና ሲሞቅ ግን ጎኑ ሊፈነዳ ይችላል። ቀዳዳውን ከውጭ ወትፎ የሚሸኝ ሰው ይህን በምን ያያል? መዳፋቸው ንጹሕ ነበር። አሳዩኝና «ይኼ ይሠራል» አሉ።

ከዚያ ሥራው ተራ በተራ ሄደ። ቀዳዳውን አጸዱት፤ ዙሪያውን በሞረድ አሻከሩት፤ ጠረጉት፤ ማስቲሽ ቀቡት። ከዚያ መጠበቅ ነው። ማስቲሹ ደርቆ ጣት ላይ ብቻ ያዝ እስኪያደርግ ልጣፊው አይቀመጥም፤ እርጥብ ላይ የተለጠፈ ይላቀቃል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ እሳቸው ከእማዬ ጋር ጨዋታ ይዘዋል። ሥራውን የጀመሩት የብስክሌት ከመነዳሪ በመለጠፍ ነበር። ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ናት፤ ባጃጅ ከተማውን ሳይሞላው በፊት ሠራተኛውም ተማሪውም በዘንባባው ሥር የሚሄደው በብስክሌት ነበር። እማዬም አባዬ ከብስክሌቱ ኋላ አስቀምጧት ወደ ጣና ዳር ይወስዳት እንደነበር ነገረቻቸው። ለእኔ ነግራኝ አታውቅም። በንፋስ የሚሞላው ጎማ ራሱ ወደ ሰፊ ሥራ የገባው እኮ በዚሁ መንገድ ነው፤ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል የእንስሳት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1888 ቤልፋስት ውስጥ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው፣ ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ከሠራለት ጎማ ተነሥቶ ነው።

ልጣፊው እንደ እንጉዳይ እግር አለው። እግሩ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀዳዳው ያልፋል፤ ቆቡ ውስጡ ላይ ይጣበቃል። ሁለቱም ለምን እንዳስፈለጉ ጠየቅኳቸው። ልጣፊው ንፋሱን ያቆማል፤ ቀዳዳው ክፍት ከቀረ ግን ዝናብ ባለ ቁጥር ውኃው ከጥርሱ ሥር ያሉትን የብረት ሽቦዎች እያገኘ ያዝጋቸዋል። የእኛን ክረምት ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቆቡን በትንሽ መዳመጫ ከመሐል ወደ ዳር ዳመጡት፤ አየር ከሥሩ እንዳይቀር። የተረፈውን እግር ከውጭ በምላጭ ቆረጡት።

ንፋስ ሞልተው በርሜሉ ውስጥ አሽከረከሩት፤ አንድም አረፋ የለም። ቫልቩ ላይም ጣታቸውን አርሰው ጠብ አደረጉበት። ስንት ልሙላ ሲሉኝ የሹፌሩ በር መቃን ላይ የተለጠፈውን የንፋስ ልክ አንብቤ 33 ፒ.ኤስ.አይ. አልኳቸው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው የሚችለው ትልቁ ግፊት ነው፤ ብዙ ሰው እሱን አይቶ ያስሞላል። ቡሎኖቹን ደግሞ ተራ በተራ ሳይሆን ትይዩ ትይዩውን አጠበቁ።

የጠየቁኝ ሒሳብ ለዚያ ሁሉ ሥራ ትንሽ ነው፤ ጨምሬ ከፈልኩ። እማዬ ዳቦውን ከጫፉ ቆርሳ ሰጠቻቸው፣ ማኅበርተኛው ሳይቀምሰው።

ስለ ሚስማሩ ግን ዝም ማለት አልችልም። ክረምቱ ወጥቷል፤ ቤት የሚሠራው፣ ጣሪያ የሚቀይረው ሁሉ አሁን ነው የሚጀምረው። የቆርቆሮ ሚስማርም መንገድ ላይ ይወድቃል። ብዙ ጊዜ የፊት ጎማ ረግጦ ያነሣዋል፤ የኋላው ይወጋበታል። መኪና ይጠገናል፤ በነጠላ ጫማ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ግን እግሩን ቢወጋው የቲታነስ ነገር አለ። ግንበኛና አናጢ የምታሠሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ማታ ማታ መንገዱን አስጠርጉ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በገመድ አስሮ መሬት ለመሬት መጎተት በቂ ነው፤ ሚስማሩም ተመልሶ ይሠራበታል።

አዲሱን ድልድይ ተሻግረን ሃሙሲት ስንደርስ ማኅበሩ ገና ጸሎት ላይ ነበር። እማዬ ስትገባ እኔ ቡሎኖቹን እንደገና አጠበቅኳቸው። ጋሼ አደራ ብለውኛል፤ የተፈታ ጎማ ጥቂት ከተነዳ በኋላ መታየት አለበት። አንዱ ትንሽ ዞረልኝ።

ነገ ጠዋት መኪናዋ ሳትሞቅ ንፋሱን አስለካለሁ። የፓምፑ ባለቤት የጎረቤቴ ልጅ ባጃጁ ጎማ ላይ ከውጭ የተወተፈ ቀዳዳ እንዳለ ነግሮኛል፤ እሱንም ይዤው እሄዳለሁ።