ሐረጉን ለበጋ ማሻገር

ኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን እየሰበሰበ ሲያጥን የአጥራችንም ዱባ ከደረቀው ቅጠል ጋር ወደ እሳት ሊሄድ ነበር። አከራያችን እማማ «ዱባ እኮ የአንድ ክረምት ነው ልጄ፤ ፍሬውን አስቀርተሻል፣ ሐረጉ ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሐዋሳ ውስጥ ዱባ በሐረግ ሲተክል ያየሁት ሰው የለም። እኔ ግን ጫፍ ጫፉን ቆርጬ አስቀረሁ።

ይሄ ዱባ ሲቀቀል ውሃ አይተፋም። ለጾም ወጥ ቢገባ ቁራጩ በርበሬውን ችሎ ይቆማል እንጂ አይላሽቅም። ፍሬውን ብዘራ ግን ያው ዱባ መብቀሉን ማን ዋስ ይሆነኛል? የዱባ አበባ ወንዱ ለብቻ፣ ሴቷም ለብቻ ናት፤ ሴቷ ከሥሯ በያዘቻት ሚጢጢ ዱባ ትታወቃለች። ጎሕ ሲቀድ ይከፈታሉ፣ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይጠወልጋሉ። በዚያች ሰዓት ንቧ የአበባውን ብናኝ ከጎረቤት አጥር ይዛ ከች ትላለች። የዘንድሮው ዱባ በዚህ አይለወጥም፤ በሆዱ የያዘው ፍሬ ግን ክልስ ሊሆን ይችላል። ከሐረጉ የተቆረጠው ደግሞ ያው እናቲቱ ራሷ ናት።

ሐረጉን ቀረብ ብሎ ላየው አንጓው ላይ ነጫጭ ጉብታዎች አሉት፤ መሬት በነካበት ቦታ እነዚያው ጉብታዎች ሥር ሆነው ወርደዋል። ስለዚህ ወፍራሙንና ውስጡ ባዶ የሆነውን አሮጌ ግንድ ትቼ፣ ከለጋው ጫፍ ከስንዝር በለጥ የሚል፣ ሦስት አራት አንጓ ያለው ቆረጥኩ። አበባና እንቡጡን ሁሉ ቀነጠብኩ። ትልልቁን ቅጠልም እንዲሁ፤ ሥር ያላወጣ ቁራጭ ያን ሁሉ ቅጠል ከየት አምጥቶ ያጠጣል? የታችኛው አንጓ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ተቀበረ፤ ዕቃው ግማሹ ተቆርጦ ከሥሩ የተበሳ የዘይት ጀሪካን ነው። ቅጠሉ የተዥጎረጎረውን፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለውንና ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ የወረረውን ግን ለእሳቱ ለቀቅኩት፤ የእናቲቱ በሽታ ከቁራጩ ጋር አብሮ ይሻገራላ።

ብርድ አገር ያሉ ሰዎች ይሄን የሚያደርጉት ውርጭ ዱባን በአንድ ሌሊት ስለሚያጠቁረው ነው። ቤት ያስገቡታል፣ ቀኑ ስለሚያጥርም መብራት ያበሩለታል። የኛ ቀን ርዝመቱ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ስለማይርቅ በመብራቱ በኩል ተገላግያለሁ። እዚህ የሚገድለው ድርቀቱ ነው፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ፣ ከዚያ ደግሞ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ። ውሃ አበዛሁለት ብትል ባዶው ግንድ ይበሰብሳል። ጦጣዎቹን አልቆጠርኩም፤ አንዱን ጀሪካን ገልብጠው ሥሩን አይተውልኛል።

ለማሳ የሚሆን ሥራ አይደለም። ሰፊ መሬት ያለው ሰው ፍሬ ቢዘራ ይሻለዋል፤ ርካሽ ነው፣ ከበሽታም በኩል ባብዛኛው ንጹሕ ነው። ለአንድ አጥር፣ ለሚወደድ አንድ ዱባ ግን ልፋቱ አይቆጭም።

አሁን ጥር ላይ አዲስ ጫፍ አውጥቶ መሳብ ጀምሯል። አጥሩ ላይ የማወጣው የበልግ ዝናብ መሬቱን ሲያረጥበው ነው። እማማም ፍሬያቸውን በወዲያኛው አጥር ሊዘሩ ተዘጋጅተዋል፣ እንተያያለን እያሉ። እኔ ሥራ ስሄድ ጀሪካኖቹን ወደ ጥላ የሚያዞሩልኝ ግን እሳቸው ናቸው።