ወደ ተራራ ላይ ግድብ በቫን ለምትሄዱ

ዛሬ በቫን ተራራ ላይ ያለ ግድብ ድረስ ወጥተን ተመለስን። እይታው እጅግ ያምራል! ለመሄድ ለምታስቡ ግን ዋናውን ልንገራችሁ፦ ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱን ፍሩ።

ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ማርሽ ቀድማችሁ ቀንሱ። የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ ቁሙ፤ የራዲያተሩን ክዳን ግን ሳይበርድ እንዳትከፍቱ።

ስትወርዱ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፤ በ2ኛ ከወጣችሁ በ2ኛ። እግራችሁን ፍሬን ላይ ጥዳችሁ ከወረዳችሁ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ መያዝም ያቅተዋል። ያረጀ የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት ስለሚስብ ሲግል ይፈላል፤ ያኔ ፔዳሉ ስፖንጅ የረገጣችሁ ያህል ይሰምጣል። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ሜዳ ቦታ ላይ ቁሙ፣ ጎማው ስር ታኮ አድርጉ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይብረድ። ውኃ አታፍሱበት፤ የጋለው ብረት ሊሰነጠቅ ይችላል።

ግድቡ ዳር ውኃው ሸሽቶ የተወው መሬት ላይ መኪና አታስገቡ። ላዩ ደርቆ ስለተሰነጣጠቀ ጠንካራ ይመስላል፣ ከስሩ ግን ጭቃ ነው፤ የተጫነ ቫን እስከ አክሰሉ ይሰምጣል። መጀመሪያ በእግር ሄዳችሁ በተረከዝ አጥብቃችሁ ርገጡት፤ ውኃ ካቆረ መኪናውን ጠጠሩ ላይ ተዉት። ልጆችን ከውኃ መልቀቂያው አርቁ፤ ላዩ ጸጥ ብሎ ከስር ይስባል።

ነዳጅም ከታች ሞልታችሁ ውጡ።