ጠያቂውን ከበር መልሱት

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው የምኖረው። ፎስተር ወላጅ (የሰው ልጅ ለጊዜው ተቀብሎ የሚያሳድግ) የመሆኑ ስልጠና፣ የጣት አሻራው፣ የቤት ፍተሻው ሁሉ አለቀ። አንድ ሐሙስ ተደወለልኝ። የ17 ቀን ሕፃን፣ እናቷ እርጉዝ ሆና ሜታዶን ስትወስድ የነበረች። ሜታዶኑ የኦፒዮይድ (እንደ ሄሮይንና ሞርፊን ያሉ) ሱስ ሕክምናዋ ነበር፤ እርጉዝ ሴት ኦፒዮይድ በድንገት ብታቆም ለፅንሱም አደጋ ነው። ይሄን ያወቅኩት ግን እናትየዋን በሆዴ ስረግማት ከሰነበትኩ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለ ሕፃን ሲወለድ መድኃኒቱ ይቋረጥበትና ሊታመም ይችላል፤ ሆስፒታሉ ለዚያ የሰጣትን ሞርፊን ቀስ በቀስ ቀንሶ፣ ጨርሶ ነው ያስረከበኝ። ነርሷ "አሁን ደህና ናት" ብላ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ትኩሳት ካየሽ ደውዪ ይላል። ስለ ድምፅና ስለ ብርሃን አንድ ቃል የለውም! አሁንም ያናድደኛል።

ቅዳሜ እንደ ወጋችን ሰው ሊጠይቅ መጣ። ገንፎ ተገነፋ፣ ቡና ተቆላ፣ እጣኑ ጨሰ፣ እልልታው ቀለጠ። ልጅቷ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። ደጋግማ አስነጠሰች፣ አዛጋች። "እንቅልፏ መጣ" ብለን ሳቅን። ለካ በቃኝ ማለቷ ነበር። ከዚያ አገጯ ተንቀጠቀጠ፣ እግሯ እንደ እንጨት ደረቀ፣ ያ ቀጭን፣ ጆሮ የሚሰነጥቅ ጩኸት መጣ። እኔ ብልጧ ደግሞ እሹሩሩ እያልኩ ወዘወዝኳት፤ ባሰባት። የጠባችውን ሁሉ አስመለሰች። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልተኛንም።

በመጨረሻ መታጠቢያ ቤት ይዣት ገባሁ። መብራት አጠፋሁ። እጇን ደረቷ ላይ ሰብስቤ በስስ ጨርቅ ጠቀለልኳት፣ ቀጥ አድርጌ ደረቴ ላይ ያዝኳት፣ ወደ ጎን ሳይሆን ከላይ ወደ ታች ብቻ፣ በጣም ቀስ ብዬ። አፌንም ዘጋሁ። ዝም ማለቱ ነው የከበደኝ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደረቷ ውስጥ ተደብቆ የነበረ የሚመስለው ትንፋሽ ወጣላት፣ ጣቶቿ ተፈቱ።

ደግሞ የሚያበሳጨው፣ ይሄ የታወቀ ነገር መሆኑ። በ26 የአሜሪካ ሆስፒታሎች የተሠራና በ2023 የወጣ ጥናት፣ ከመድኃኒት በፊት መጀመሪያ ማጥባት፣ ማስተኛት፣ ማባበል የተባለላቸው እንደሷ ያሉ ሕፃናት ከሆስፒታል ለመውጣት የደረሱት በ8 ቀን ገደማ ነው ይላል፤ በድሮው አሠራር 15 ቀን ገደማ ነበር። ለእኔ ማን ይንገረኝ?

ኬዝ ወርከሯ (የልጅቷን ጉዳይ የምትከታተለው ሠራተኛ) በየሦስት ሰዓቱ አጥቢ አለችኝ። አልሰማኋትም፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ነው የሰጠኋት፣ ክብደቷን እያየ ሐኪሟም ተስማማ። ዚንክ ያለውን ቅባት ደግሞ ቂጧ እስኪላጥ አትጠብቁ፣ እንዲህ ያሉ ሕፃናትን ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ይይዛቸዋል።

ጎረቤቴ መጀመሪያ ተቀይማኝ ነበር። አሁን ሽሮውን በር ላይ አስቀምጣ ቴክስት ታደርጋለች።