የክንዳማው መጋዝ ጥገና

ዛሬ ደሴ በሚገኘው የእንጨት ሥራ ቤታችን፣ ከጠረጴዛው በላይ በተዘረጋ ክንድ ላይ እየተንሸራተተ የሚቆርጠውን መጋዝ ስንጠግን ዋልን። ስፒናውን ነቅለን የክንዱን ሐዲድና ኩሽኔታዎቹን ከጥድ ሙጫና ከሰጋቱራ አጸዳን። ተለማማጁ ልጅ «ጋሼ፣ ግራሶ አንቀባውም?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ግራሶ ሰጋቱራውን ይዞ ስለሚጋግርና ዲስኩን፣ ማለትም ባለ ጥርሱን ክብ ምላጭ፣ ተሸክሞ በክንዱ ላይ የሚንሸራተተውን ሞተር ጉዞ ስለሚያውክ ሐዲዱ ደረቅ መሆን እንዳለበት አስረዳሁት። ክንዱ ከእንጨት መደገፊያው ጋር 90 ዲግሪ መሥራቱንም በማዕዘን መለኪያው በስኳድራ አረጋገጥን።

ከሁሉ ይልቅ ልጁ እንዲይዝልኝ የምፈልገው የአቆራረጡን ጠባይ ነው። ሞተሩን ወደ ራሳችን ስንስብ የዲስኩ አዟዟር ጉዞውን ስለሚያግዝ፣ ጥርሶቹ እንጨቱን ነክሰው መጋዙን በድንገት ወደ ሠራተኛው ሊያስሮጡት ይችላሉ። ስለዚህ እጀታውን የያዘው የሠራተኛው ክንድ ጠንክሮ ሊገታው፣ ሌላው እጅ ከዲስኩ መስመር ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ሊርቅ፣ የዲስኩም ጥርሶች ወደ ፊት ያልተንጋደዱ ሊሆኑ ይገባል፤ ጥርሱ ወደ ፊት ያዘነበለ ዲስክ ርካሽ ስለሆነ ብቻ መግዛት እጅን ለአደጋ መስጠት ነው። ጓንትም በሚዞር ዲስክ አጠገብ አይደረግም፤ ጨርቁ ከተያዘ ጣትን ይዞ ይገባል።

በእኛ አካባቢ መብራት በሥራ መካከል ስለሚቋረጥ አንድ ነገር ልጨምር፦ መብራት እንደጠፋ ሞተሩን ወደ ኋላ መልሶ ማብሪያ ማጥፊያውን መዝጋት ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ መብራቱ ሲመለስ ዲስኩ ማንም ሳይነካው መዞር ይጀምራል።