ቀለም የለቀቀው የባሕር መጋረጃ

ጎንደር ውስጥ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ፣ ለጥምቀት እንግዶች ክፍሎቹን በባሕር ዳርቻ ስታይል ለማስዋብ አስቦ ነጭና ጥቁር ሰማያዊ መስመር ያለው መጋረጃ፣ የትራስ ልብስና የሠራተኛ ሸሚዝ ለአንድ ስፌት ቤት አዘዘ። ስፌቱ እንከን አልነበረውም። ገና በመጀመሪያው አጠባ ግን ነጩ መስመር በየእጥፋቱ ውሃ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ።

ምልክቱ ቀድሞ ታይቶ ነበር። ተለማማጁ የመጋረጃውን ጠርዝ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ካውያ እያስኬደ ሲተኩስ፣ ጨርቁ ላይ የጣት ስፋት ያለው ሰማያዊ ጥላ አረፈ። «ጋሼ፣ ይሄ ቀለም እየለቀቀ ነው መሰለኝ» አለ። «አዲስ ጨርቅ ትንሽ መልቀቁ አይቀርም፣ ቀጥል» ተባለ። ይህ መልስ በየስፌት ቤቱ የሚሰማ ነው፤ ሙሉ ሰማያዊ ለሆነ ቀሚስ ብዙም ጉዳት የለውም። ነጭ ጎኑ ለተሰፋበት ሰማያዊ ግን አይሠራም፤ የለቀቀው ቀለም ማረፊያ አጠገቡ ነው።

የባሕር ስታይል ደግሞ የሚያምረው በሰማያዊው ሳይሆን በነጩ ጥራት ነው። መስመሩ የመጣው ከመርከበኛ ልብስ ነው፤ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1858 ባወጣው ደንብ የካናቴራው አካል 21 ነጭ መስመር እንዲኖረው፣ ነጩ 20፣ ሰማያዊው 10 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ወስኗል። ነጩ የሰማያዊው እጥፍ ነው። ዓይን ላይ ንጹሕ አየር የሚመስለውን ነገር የሚፈጥረው ይህ ልክ ነው፤ እኩል ሲደረጉ መስመሩ ያጥበረብራል፣ ክፍሉም ይጠባል።

ወደ መጋረጃው እንመለስ። ጥጥ ላይ የሚውለው ቀለም ከክሩ ጋር በደንብ ካልተያያዘ፣ ወይም ፋብሪካው ትርፉን ቀለም በሙቅ ውሃ አጥቦ ካላስወገደው፣ መጀመሪያ ባገኘው ውሃ ይወጣል። ማረፊያው ውስጥ ልብሱ ለብ ባለ ውሃና በዱቄት ሳሙና ታጠበና እርጥቡ እንደተቆለለ ሳፋ ውስጥ አደረ። ከአጠባው ይልቅ የጎዳው ይህ አዳር ነው። በትንሽ ውሃ ውስጥ ብዙ ቀለም ሲኖር፣ ጨርቅ ከጨርቅ ተጣብቆ ሌሊቱን ሲያድር፣ ነጩ እንደ አዲስ ተነከረ ማለት ነው። ጠዋት አንዱን መጋረጃ በረኪና ውስጥ ከተቱት። ነጩ ነጣ፤ ሰማያዊውም አብሮ ተጎዳና ጭቃ የነካው መስሎ በየቦታው ቡናማ ሆነ። እሱን ማዳን አልተቻለም።

የቀረው የዳነው፣ ልብስ ሰፊው የማረፊያውን ባለቤት በስልክ ቶሎ ስላገኛቸው ነው፦ «እትዬ፣ ፀሐይ ላይ እንዳያሰጡት፣ ካውያም እንዳያስነኩት፤ እንደረጠበ ያምጡልኝ።» ነጩ ላይ ያረፈ ቀለም ከደረቀና ሙቀት ከነካው ለማውጣት በጣም ይከብዳልና። እያንዳንዱ መጋረጃ ለብቻው፣ ልብሱ እንደልብ በሚዋኝበት ብዙ ሙቅ ውሃና ሳሙና ታጠበ፤ ውሃው በቀለመ ቁጥር ወዲያው እየተደፋ በአዲስ ተተካ። የውሃው መብዛት ዋናው ነገር ነው፤ ቀለሙ ከተበተነ ተመልሶ ጨርቁን አይይዝም። ግትር ላለው ቦታ በረኪና ሳይሆን በኦክስጅን የሚሠራ ማንጫ፣ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ፣ 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ይሻላል። ጨውና ኮምጣጤ እዚህ አይረዱም። ጨው ማቅለሚያ ቤት ውስጥ ቀለሙ ወደ ጥጡ እንዲገባ ያግዛል እንጂ የገባውን አይቆልፍም፤ ኮምጣጤም ለሱፍና ለሐር ቀለም እንጂ ለጥጥ አይሆንም።

አሁን ያ ስፌት ቤት መቀስ ከማንሳቱ በፊት 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ሰማያዊ ቁራጭ ነጭ ላይ ይሰፋል፤ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያቆይና ሳያለቀልቅ አጣጥፎ ያደርቀዋል። ነጩ ካልተነካ ጨርቁ ይቆረጣል። ከተነካ ሰማያዊው ጣቃ ለብቻው በጣም በሞቀ ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል፤ አራተኛውም ውሃ ከቀለመ ጨርቁ ወደመጣበት ሱቅ ይመለሳል። ነጩ አቡጀዲም ከመቆረጡ በፊት መታጠብ አይቀርለትም፤ ጥጥ እስከ 5 በመቶ ሊሰበሰብ ስለሚችል፣ ያልታጠበ 2.40 ሜትር ጨርቅ እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ሊያጥር ይችላል። ሁለቱ በተለያየ መጠን ከተሰበሰቡ ደግሞ የስፌቱ መስመር ይጨማደዳል፤ ያንን ካውያ አያቀናውም።

የመጋረጃው ስፋት ልኩ እንዲህ ነው፦ 1.50 ሜትር ለሆነ መስኮት እጥፉን፣ 3 ሜትር። አሥር ነጭ በ23፣ አሥር ሰማያዊ በ13 ሴንቲ ሜትር ይቆረጣል፤ በየጎኑ 1.5 ለስፌት ሲሄድ 20 እና 10 ይቀራል። ዳርና ዳር ላሉት ለእጥፋት 3 ይጨመራል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የበጋ ፀሐይዋ ሰማያዊን ቶሎ ታደበዝዛለች፤ መስኮት በሚመለከተው በኩል ነጭ ገበር ግድ ነው፤ ሲታጠብም ጥላ ውስጥ ይሰጣል።

ለሸሚዙ ባለመስመር ጨርቅ ታጥፎ በድርብ አይቆረጥም። አንድ በአንድ ተቆርጦ፣ ጎንና ጎኑ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ በስፒል ተይዞ ይሰፋል፤ አለዚያ መስመሩ ብብት ሥር ይሰበራል።

ለማስጌጫ የፕላስቲክ መልህቅና የተቀባ ዛጎል ገዝቶ መደርደር አያስፈልግም። አሸዋማው ቀለም በማረፊያው የድንጋይ ግድግዳ ላይ አለ፤ ጣና ደግሞ በጎርጎራ በኩል ቅርብ ነው። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ግድግዳ ላይ ከየትኛውም መልህቅ በላይ ያምራል። መጋረጃ ማሰሪያው የቃጫ ገመድ ከሆነ ግን ከማጠብ በፊት ይውለቅ፤ ሲረጥብ ወፍሮ ያጥራል፣ መጋረጃውንም ይጎትተዋል።