ከአይቲ ርቃችሁ ለቆያችሁ፦ ጅማ ላይ ከየት ትጀምራላችሁ?

ከአይቲ ወጥቶ ስድስት ሰባት ዓመት በቡና ንግድ፣ በማስተማር ወይም በሒሳብ ሥራ የቆየ ሰው መመለስ ሲያምረው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ፕሮግራሚንግ ኮርስ ነው። የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ የኦንላይን ሥልጠና በነፃ እያለ ማን ይፈርድበታል! እኔ ግን አትቸኩሉ ባይ ነኝ። እንደ ጅማ ባለ ከተማ ፈጥኖ እጅ የሚገባው ሥራ ኮድ መጻፍ ሳይሆን የቢሮ ኮምፒውተር፣ ኔትወርክና ባክአፕ መያዝ ነው። እዚያ ደግሞ የድሮ እውቀታችሁ ከምትገምቱት በላይ ይሠራል።

መጀመሪያ አሁንም የሚሠራውንና የተሻረውን እውቀት ለዩ። አይፒ (የመሣሪያ አድራሻ)፣ ሰብኔት (ኔትወርክን በክፍል መከፋፈል)፣ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው)፣ ዲኤችሲፒ (አድራሻ የሚያድለው) መሠረታቸው ያው ነው። 192.168.10.0/26 በተባለ ሰብኔት ላይ ስንት መሣሪያ ይገባል ስትባሉ በቃላችሁ 62 ካላችሁ ብዙ አልራቃችሁም፤ ካላላችሁ ሁለት ሳምንት ሰብኔት ላይ ዋሉ። የተሻረው ወረቀቱ ነው። የማይክሮሶፍቱ ሰርተፍኬት ኤምሲኤስኤ ጥር 2013 ዓ.ም ላይ ተዘግቷል። የሲስኮው የኔትወርክ ሰርተፍኬት ሲሲኤንኤ ከየካቲት 2012 ጀምሮ አንድ ፈተና ብቻ ሆኗል፣ ሰርተፍኬቱም የሚያገለግለው ሦስት ዓመት ነው። ሰርቨር ላይ ይጫን የነበረው የሴንቶስ 7 ሊኑክስ ድጋፍም ሰኔ 2016 ላይ አብቅቷል። ጊዜው ያለፈበትን ሰርተፍኬት ሲቪ ላይ ስታስገቡ የተሰጠበትን ዓመት ጻፉበት፤ ቀጣሪው ራሱ ከሚደርስበት ይሻላል።

አሁን ሥራው ወዳለበት እንምጣ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ቆሟል፤ ድርጅቶች ከፍለው እስከ ሦስት ዓመት ማራዘም ይችላሉ፣ ትንሽ ቢሮ ግን አይከፍልም። ስለዚህ የትኛው ማሽን ወደ ዊንዶውስ 11 እንደሚያልፍ የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። የእያንዳንዱን ፕሮሰሰር፣ ራምና ዲስክ መዝግቡ። በድሮዎቹ ኢንቴሎች ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ትውልዱን ይነግራችኋል፦ አይ5-6200ዩ ስድስተኛ ነው፣ አያልፍም፤ አይ5-8250ዩ ስምንተኛ ነው፣ ያልፋል፤ አይ5-10210ዩ ላይ ግን የሚነበበው ሁለቱ አሃዝ ነው፣ አሥረኛ። ዝቅተኛው ራም 4 ጊጋ ተብሏል። በ4 ጊጋ ግን ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ሲጠብቅ ይውላል፤ 8 አድርጉት፣ ሃርድ ዲስኩንም በኤስኤስዲ ቀይሩ።

ፕሮሰሰሩ አልፎ "ቲፒኤም (ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደህንነት ክፍል) የለም" ቢላችሁ ማሽኑን አትጣሉት። ብዙ ጊዜ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ጠፍቶ ነው፤ ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ታገኙታላችሁ። እዚያው እንዳላችሁ ግን የማስነሻ ዘዴውን ከድሮው (ሌጋሲ) ወደ አዲሱ (ዩኢኤፍአይ) ወዲያው እንዳትቀይሩ፤ ዲስኩ በድሮው አከፋፈል (ኤምቢአር) ከሆነ ዊንዶውሱ አይነሳም። መጀመሪያ ባክአፕ፣ ቀጥሎ ዊንዶውሱ ውስጥ ባለው ኤምቢአርቱጂፒቲ ዲስኩን ወደ አዲሱ አከፋፈል (ጂፒቲ) መቀየር፣ ባዮሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው። ከሦስት በላይ ዋና ፓርቲሽን ያለውን ዲስክ መቀየሪያው እምቢ ይላል። ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አትሞክሩት፤ መብራት መሐል ላይ ከሄደ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ልታጡ ትችላላችሁ።

ባክአፕ ሲባል ኤክስተርናሉን ሰክቶ መርሳት አይደለም። በክረምት መብረቅ መስመሩን ሲመታ ኮምፒውተሩንም የተሰካውንም ዲስክ አብሮ ይወስዳል፤ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስም እንዲሁ። ሁለት ኤክስተርናል እያፈራረቃችሁ አንዱ ሁልጊዜ ከቢሮ ውጭ ይደር። በወር አንዴ ደግሞ የሒሳብ ፕሮግራሙን (የፒችትሪውን) ባክአፕ ሌላ ማሽን ላይ ሪስቶር አድርጉና ክፈቱት። ባዶ መሆኑ ኦዲተር የመጣ ቀን መታወቅ የለበትም።

ለልምምድ 8 ጊጋ ራም ያለው አንድ ላፕቶፕ ይበቃል። ቨርቹዋልቦክስ (በአንድ ማሽን ውስጥ ሌላ ማሽን የሚያስነሳ ፕሮግራም) ጫኑና ኡቡንቱ ሰርቨር 24.04 የተባለውን ሊኑክስ በ2 ጊጋ ራም አስነሱ። 64 ቢት የሚለው ምርጫ ካልመጣ ባዮስ ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽኑን ክፈቱ። የኡቡንቱው መጫኛ ፋይል (አይኤስኦ) ከ2 ጊጋ በላይ ስለሆነ ካቆመበት የሚቀጥል ዳውንሎደር ተጠቀሙ፣ ሲያልቅ ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳየውን ሻ256 ቁጥር ድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። አለዚያ ጭነቱ መሐል ላይ እየቆመ ጥፋቱን ላፕቶፑ ላይ ስትፈልጉ ትከርማላችሁ።

ያለፈውን ሥራችሁን ደግሞ አትደብቁት። ሒሳብ ሲሠራ የኖረ ሰው ወር ሊዘጋ ሲል የሒሳብ ሠራተኛዋ ማሽን ፎርማት እንደማይደረግ ያውቃል፤ ትናንት የተመረቀ ልጅ ላያውቀው ይችላል። አፋን ኦሮሞ የምትችሉ ከሆነ ሲቪው ላይ ከላይ ይቀመጥ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ሥራ በእሱ ነው፣ ተጠቃሚን በስልክ መርዳት ደግሞ ግማሹ ንግግር ነው።

ማስታወቂያ ከምትጠብቁ ለምታውቁት አነስተኛ ቢሮ የማሽኖቹን ዝርዝር በአንድ ገጽ ሠርታችሁ ስጡ፦ የሚያልፈው፣ ራም የሚፈልገው፣ የሚተካው። ገጹ በነፃ ይሁን፣ ሥራው ግን በዋጋ። ዕቃው በማን ወጪ እንደሚገዛም አስቀድማችሁ ተጻጻፉ፤ የኤስኤስዲ ዋጋ ስለሚዋዥቅ በኪሳችሁ ከገዛችሁ የድካማችሁ ክፍያ እዚያው ያልቃል።