ጌሾው ስንት ነው?

ዛሬ ደሴ ጭጋግ ውጧት ነው የዋለችው። የጦሳ ተራራ ጭራሽ አይታይም። እንዲህ ባለ ቀን ሥራም አይገፋልኝ፣ ሰውም አያሰኘኝ። ማታ እቤት ገብቼ አንድ ልጅ ከውጭ ያመጣልኝን ጣሳ ቢራ ከፈትኩ። አይፒኤ የሚሉት፣ ሆፕስ (ቢራን የሚያመርና ሽታ የሚሰጠው አበባ) የበዛበት ቢራ ነው፣ ትንሽ ጠማቂ ቤት የተጠመቀ፣ ጣሳው ላይ የተቆጣ ወፍ ተስሎበታል። የሆፕሱ ሽታ ቶሎ ስለሚደክም ይኼ ዓይነቱ ብዙ ሳይቆይ ነው የሚጠጣው። እናም ደብተሬን አውጥቼ ስለ ጣዕሙ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

አፍንጫዬን ሳስጠጋ የብርቱካን ልጣጭ ሸተተኝ። ቀመስኩት፣ መረረኝ። ምሬቱ ጌሾን አስታወሰኝና በቃ፣ ሐሳቤ ሄደ።

የቢራ ጠርሙስ የምሰበስብበትን መደርደሪያዬን ታውቁታላችሁ። በ1915 ዓ.ም. ከተጀመረው ጊዮርጊስ እስከ ሐረር፣ በደሌ፣ ዳሸን፣ ሐበሻ፣ እዚሁ ኮምቦልቻ እስከተጠመቀው ባቲ ድረስ ደርድሬያለሁ። ቆርኪው ለብቻ፣ ወረቀቱ ለብቻ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን አብዛኛው ያው ላገር የሚባለው ቀለል ያለ ቢጫ ቢራ ነው። ዓይኔን ሸፍናችሁ ብታቀምሱኝ ግማሹን አልለየውም። በፋብሪካ አልፈርድም፣ ሥራው ይኸው ነው፤ ዛሬ የጠጣኸው የዛሬ ዓመትም ያው እንዲሆን።

የአክስቴና የጎረቤቷ ጠላ ግን በአንድ አጥር ተለያይተው እንኳ አይገናኙም። ያችኛዋ አሻሮውን በደንብ ታሳርረዋለች፣ ጠላዋ ጥቁር ነው። አክስቴ ደግሞ ጋኗን በወይራ አጥና አጥና፣ ገና ብርጭቆው አፍ ሳይደርስ ጭሱ ይቀድማል። የራሷም ቢሆን የፋሲካውና የሚካኤሉ አንድ ሆኖ አያውቅም። ኤዲያ! ቢራ ሰብሳቢ ነኝ የምል ሰው ዘንግ ላይ ጣሳ የተደፋበትን ደጅ ሁሉ ማንኳኳት አልነበረብኝም?

ባለፈው የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ደብተሬን ይዤ አክስቴ ቤት ሄድኩባት።

«እትዬ፣ ጌሾው ስንት ነው?»

«እንደ ጌሾው ነዋ።»

«ለአንድ ጋን ማለቴ ነው። በኪሎ።»

«አንተ ልጅ፣ የምትጠጣ ከሆነ ጠጣ። ግብር ሰብሳቢ ሆንክብኝ እኮ!»

ብቅሉንም እንኩሮውንም ጠየቅኳት። ለሁሉም መልሷ «እጄ ያውቀዋል» ነው። ስለዚህ ደብተሬ ላይ «አምራች» በሚለው ቦታ «ጓሮ» ብዬ ጻፍኩ። «የአልኮል መጠን» የሚለውን ዘለልኩት (ስነሳ ግን እግሬ ነገረኝ)። «የአገልግሎት ማብቂያ» የሚለው ላይ «ሳይኮመጥጥ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

እና ይኼ ነገር እንዴት ነው የሚሰበሰበው? ቆርኪ የለው፣ ወረቀት የለው። በጠርሙስ ባስቀምጠው ሳይቆይ ኮምጣጤ ነው። የጎረቤቷ ልጆች ደግሞ እንኳን ሊጠምቁ ጋኑን ማጠብም አይፈልጉም። አልፈርድባቸውም፣ ጭሱን ዓይኔ ያውቀዋል። ግን ያ ጥቁር ጠላ ከሴትየዋ በኋላ የት ሊገኝ ነው? ይኼን እያሰብኩ አይፒኤው ሞቆ ጋዙ ጠፋ። ምን ምን እንደሚል አልጻፍኩም።

አክስቴ ለጥምቀት መጥታ መደርደሪያዬ ፊት ቆማ ነበር። ብዙ አየችው። ያደነቀች መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

«ይኼ ሁሉ ጠርሙስ የማይመለሰው ለምንድነው? ማስያዣ አልከፈልክበትም?»

ከፍያለሁ። ያን ቀን ማታ መደመር ጀምሬ፣ ድምሩ ሲያስፈራኝ ግማሹ ላይ ተውኩት። ለነገሩ ጊዮርጊስ ሁለት ሁለት አለኝ። አንድ አንዱን ልመልሰው እንዴ?